ገዛኸኝ ያልነው በርበሬ

ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ ቡታጅራ ወርጄ ነበር። ከገበያው ጀርባ ሳልፍ አንድ መጋዘን በር ላይ የተሰጣ ዛላ በርበሬ አስነጠሰኝ። ቆሜ ደጋግሜ አስነጠስኩ። በሩ ላይ የተቀመጠው ጎረምሳ "ይማርሽ እናቴ፣ አልለመድሽውም መሰለኝ" አለኝ። ስቄ አለፍኩ። በዚያው ሰፈር፣ በአባቴ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አንድም ጊዜ ሳላስነጥስ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብዬ ያነበብኩ ልጅ እኔ መሆኔን ከየት ይወቅ።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የመጨረሻ ዓመታቸው መሆኑን ያወቀ ግን አልነበረም። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ። አባቴ ኑሪ ከመስቃንና ከማረቆ ገበሬዎች በርበሬ እየገዛ አዲስ አበባ የሚያስጭን ነጋዴ ነው። እናቴን አላስታውሳትም፤ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው። ያሳደገችኝ የአባቴ ታናሽ እኅት አክስቴ ረዲያ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድለት ቀርታ፣ እኔን ለማሳደግ ወደ ወንድሟ ቤት መጣች። መጋዘኑንም አብራ ያዘችው። ቁልፉ ከወገቧ አይለይም። በርበሬ በመዳፏ ጨብጣ ብቻ ደርቋል አልደረቀም ትላለች፤ ገበሬውም ነጋዴውም አይከራከራትም።

የበርበሬው ወራት ሲገባ ሴቶች እየመጡ በመጋዘናችን የዛላውን ጭራ ይቀነጥሳሉ፣ የነጣውንና የሻገተውን ይለያሉ። ከመስቃን ገጠር የሚመጡ አሉ፣ ከስልጤ የመጡ አሉ፣ የከተማ ክርስቲያኖችም አሉ። ጆንያ አንጥፈው ክብ ይሠሩና ክምሩን መሀል ያደርጋሉ። ያ ቤት ውስጥ የሁሉም ሰው ዐይን ያለቅሳል፣ የሁሉም አፍንጫ ይፈሳል። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስላደግኩበት አያስነጥሰኝም። አባቴንም አይነካውም፤ አዲስ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ፊቱን ከትቶ አሽትቶ ሲያወጣ ዐይኑ እንደ ደረቀ ነው። እኔ በዚህ በጣም እኮራበት ነበር።

መጽሐፉን ያመጣችው እትዬ አስካለ ናት። ባሏ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። ልጅ የላትም፣ ዘመድ የላትም፣ ጉራጊኛ አታውቅም። ባሏ ቢሮ ሲውል እሷ በሯ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልባሱ የተገነጠለ መጽሐፍ ደረቷ ላይ ይዛ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

"እትዬ ረዲያ፣ ልግባ?"

"ግቢ እንጂ። ምን ሆነሽ ነው፣ ዐይንሽ አብጧል።"

"ይሄን መጽሐፍ ሳነብ ነው። ሦስተኛዬ ነው። ባሌ ይስቅብኛል። ብቻዬን አልቅሼ ጠገብኩ፤ እናንተም ስሙልኝና አብረን እናልቅስ ብዬ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። አክስቴ ግን አልሳቀችም፤ ጆንያ ዘረጋችላት። እትዬ አስካለ ተቀምጣ መጽሐፉን ገለጠችና የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርስ አስነጠሰች። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና አስነጠሰች። ያን ጊዜ እኔ ከጥግ ተነሥቼ "እኔ ላንብበው" አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ከክፍላችን እንደኔ የሚያነብ አልነበረም፤ ይህን ደግሞ ማንም እንዲነግረኝ አልጠብቅም ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ የሺ የምትባል ወላጅ የሌላት ቆንጆ አለች። ተድላ የሚባል አናጢ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ተድላ ለጎጆ መውጫ የሚሆን ሊያገኝ ወደ አዋሽ ጥጥ እርሻ ይሄዳል። በችኮላ ስለሄደ ሊሰናበታት አልቻለም፤ ለጓደኛው ለገዛኸኝ "ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ ብሎሻል በላት" ብሎ አደራ ይሰጠዋል። ገዛኸኝ ግን ልጅቷን ለራሱ ስለሚመኛት አልነገራትም። የሺ "ጥሎኝ ጠፋ" ብላ ትጠወልጋለች። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ስለ መጠውለጓ ነው፣ ገጽ በገጽ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ብዙም አልገባኝም። "ልቧ ተሰበረ" የሚለውን ሳነብ እንደ እግር የሚሰበር መስሎኝ ወጌሻ አለመጥራታቸው ይገርመኝ ነበር። ሴቶቹ በነጠላቸውና በሻሻቸው ዐይናቸውን ሲጠርጉ ደግሞ በርበሬው ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም አንድ ቀን ማንበቤን አቁሜ "የዛሬው በርበሬ ኃይለኛ ነው መሰለኝ፣ በሩን ልክፈተው?" አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመሀላቸው ገና የተዳረች አንዲት የስልጤ ሙሽራ "አዎ፣ በርበሬው ነው። አንቺ ቀጥይ" አለችኝ።

አንድ መጽሐፍ ለስንት ሰው ስንት ዓይነት እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው። እትዬ አስካለ የሚመጣውን ስለምታውቅ ከማንም ቀድማ ማልቀስ ትጀምራለች፤ ሌሎቹ እሷን አይተው ክፉ ነገር መቅረቡን ያውቃሉ። አክስቴ አታለቅስም፣ ትቆጣለች። "ምን አስተኛት? ተነሥታ አዋሽ ድረስ ሄዳ አትጠይቀውም? እግር የላትም?" ትላለች። ተድላ የየሺን እጅ የያዘበት ቦታ ስንደርስ "ኸይሪያ፣ ይሄን ዝለይው" አለችኝ። ሴቶቹ በአንድ አፍ "አትዝለዪው" አሉ። አክስቴ ወደ በርበሬዋ አቀርቅራ "እሺ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው" አለች፤ ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ።

እናት ዘምዘም የሚሏቸው ባልቴት ነበሩ፣ ከመስቃን ገጠር። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። አክስቴ ከጎናቸው ትቀመጥና በጉራጊኛ ታስረዳቸዋለች። የእኔ አንድ መስመር በእሷ አፍ አሥር ይሆናል፤ የሺ በመጽሐፉ ያልተናገረችውን ሁሉ በጉራጊኛ ትናገራለች፣ ትሳደባለች፣ መልስ ትሰጣለች። እናት ዘምዘም የመጽሐፉ አገር እንሰት የሚተከልበት ስለማይመስላቸው "እነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የሚበሉት?" ብለው ይጠይቃሉ። መጽሐፉ አይልም። እሳቸው ግን ያ ሳይነገራቸው ማዘን አይሆንላቸውም፤ አክስቴ በመጨረሻ ቆጮ እንደሚበሉ አድርጋ ነገረቻቸውና አረፉ።

ገዛኸኝን ግን ሁሉም በአንድ ልብ ጠሉት። ምላሱ ይቆረጥ፣ አደራ በላ፣ የሰው ቃል ሆዱ ውስጥ ይሽገት እያሉ ይረግሙታል። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ከላዩ ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ዛላ አነሣች፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ በሻጋታ ነጥቷል። ለአክስቴ አሳየቻት። አክስቴ አየችውና "ይሄ ገዛኸኝ ነው፣ ጣዪው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላዩ ያማረ ውስጡ የሻገተ በርበሬ ሁሉ ስሙ ገዛኸኝ ሆነ። "ሁለት ገዛኸኝ አገኘሁ።" "ይሄ ጆንያ ገዛኸኝ በዝቶበታል።" ገበሬው እንኳ ሲያራግፍ "እስኪ እዩልኝ፣ ገዛኸኝ የለበትም" ይል ጀመር፤ ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ።

ይህን ሁሉ አባቴ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ባለው ሱቁ ሆኖ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር። በመሀላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጀማል መናገር አለብኝ። ጀማል ባለ ጋሪ ነው፤ ከመስቃን በርበሬ ወደ እኛ የሚያመጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰላምታውን እንኳ ለፈረሱ የሚናገር የሚመስል ሰው። ጋሪው ሲደርስ አክስቴ ሥራዋን አስቀምጣ ትወጣና ፈረሱን ገብስ በእጇ ታበላዋለች። ሻሽዋንም ለውጣ የምትወጣበት ቀን አለ። እኔ አክስቴ ፈረስ ትወዳለች ብዬ አመንኩ፤ ለሰውም ሁሉ አወራሁ። ንባቡ ከተጀመረ በኋላ የጀማል ማራገፍ በጣም ዘገየ። ሁለት ጆንያ አውርዶ ግድግዳው ጥግ ይቆማል። እኔ ደክሞት ነው እል ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ድንገት ገባና "ከዛሬ ጀምሮ ንባብ የለም። ሥራ እየተበደለ ነው" አለ። እንዲህ በሰው ፊት ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። አክስቴ የተለቀመውን ክምር በዐይኗ አሳየችው። "ጋሼ፣ እንደ ዘንድሮ ተለቅሞ ያውቃል?" አለችው። እውነቷን ነው፤ የሺ ካዘነች ወዲህ እጃቸው ፈጥኖ ነበር። አባቴ ዞሮ ወጣ።

ሴቶቹ አልተከራከሩም። እጃቸው ግን ቀዘቀዘ። ክምሩ ፈቀቅ አይልም። እትዬ አስካለ በሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እናት ዘምዘም "የዚያች ልጅ ነገርስ?" ብለው በየመሀሉ ይጠይቃሉ። ጥቂት ቀን እንዲህ ሆነና አባቴ ከበሩ ሳይገባ "ያንብቡ በቃ" ብሎ አለፈ። ንባቡ ሲጀመር ግን ሩቅ አልሄደም። ከተደረደሩት ጆንያዎች ጀርባ ገብቶ ተቀመጠ። ከተቀመጥኩበት ከፍታ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ያነበብኩት ተድላ ለፋሲካ ተመልሶ ሲመጣ የሺ ለሌላ ሰው ታጭታ ያገኛትን ቦታ ነው። "ጠብቂኝ ብዬሽ አልነበረም?" ይላታል። "ማን ነገረኝ?" ትለዋለች። ገዛኸኝ አጠገባቸው ቆሟል፤ ዝም ይላል። ቀና ስል አባቴን አየሁት። ዐይኖቹ ሞልተው እንባው ጉንጩ ላይ እየፈሰሰ ነው።

ማንበብ አቃተኝ። አባቴን በርበሬ አያስለቅሰውም። እሱን ካስለቀሰው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ዘወር ብዬ ሴቶቹን በዐይኔ ዞርኳቸው፤ ሙሽራዋን፣ እትዬ አስካለን፣ እናት ዘምዘምን። ለካስ እስከዛሬ በርበሬው አልነበረም። እኔ ያነበብኩት ነው ያስለቀሳቸው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራትና ፍርሃት እስከዛሬ በሌላ ነገር አላገኘሁትም።

ያን ዕለት የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ አባቴ ሱቁ ውስጥ ጠራኝ። ሚዛኑን ይወለውላል፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ይወለውላል።

"ኸይሪያ፣ ወደ ፊት አንብበሽዋል አይደል?"

"አዎ አባ፣ እስከ መጨረሻው።"

"ያ ገዛኸኝ የሚባለው... በኋላ ይናገራል?"

"ይናገራል። ግን የሺ ታማ ከተኛች በኋላ ነው። ሲነግራት አትሰማውም።"

"አትሰማውም" አለ አባቴ። ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠው። "ሂጂ፣ ተጫወቺ።"

በማግስቱ ሴቶቹ ገና ሲቀመጡ ገባ። ጫማውን አውልቆ ጆንያው ላይ ከአክስቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከሴቶቹ ክብ ውስጥ ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። በቤታችን የምንናገረው ጉራጊኛ ነው፤ እሱ ግን በአማርኛ ጀመረ። ምናልባት ሁሉም እንዲሰሙት ይሆናል፤ ምናልባትም ይህን ነገር በእናቱ ቋንቋ መናገር አሳፍሮት።

"ረዲያ፣ ካቻምና በዚህ ወራት ጀማል እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። 'እኅትህን ለኒካህ እፈልጋታለሁ፣ ጠይቅልኝ' አለኝ። አልጠየቅኩሽም። መልስ ሊሰማ ተመልሶ ሲመጣ 'አትፈልግም' አልኩት።"

አክስቴ እጇ ላይ ያለውን ዛላ ቀነጠሰች። ሌላ አነሣችና እሱንም ቀነጠሰች።

"ለምን?"

"ይቺን ልጅ ማን ያሳድጋታል ብዬ። መጋዘኑንም ማን..."

"ልጅቷን እሺ" አለች አክስቴ። "መጋዘኑን ግን ጮክ ብለህ ተናገረው።"

"መጋዘኑንም ማን ይይዝልኛል ብዬ።"

 ያኔ እናት ዘምዘም አክስቴን በክርናቸው ጎነጡና በጉራጊኛ "ምን አለ?" አሏት። የምትተረጉምላቸው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው የለም። አክስቴም እንደ ልማዷ ጀመረች። ካቻምና ጀማል እንደ መጣ ነገረቻቸው። ምን እንዳለ ነገረቻቸው። እስከዚያ ድረስ ድምፅዋ የየሺን ታሪክ ስትተርክ እንደነበረው ጠንካራ ነው። "ወንድሜም አትፈልግም አለው" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ለተድላ ያላለቀሰች፣ ለየሺ ያላለቀሰች አክስቴ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና አለቀሰች። እትዬ አስካለ አንድ ቃል ጉራጊኛ ሳይገባት አብራት አለቀሰች።

እናት ዘምዘም አባቴን ትክ ብለው አዩት። "ይሄኛው እንኳ እሷ ሳትታመም ተናገረ" አሉ በጉራጊኛ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

አክስቴ ፊቷን ጠርጋ ስትጨርስ "ጋሼ" አላለችውም። "ኑሪ" አለችው። "ሄደህ ይህንኑ ለእሱ ትነግረዋለህ። አልጠየቅኳትም ነበር፣ ትለዋለህ። ከዚያ ይምጣ። መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ።"

አባቴ ጁሙዓ ሰግዶ በእግሩ ወደ መስቃን ሄደ። ሲመለስ በጀማል ጋሪ ላይ ተቀምጦ ነው።  ጀማል አለንጋውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"አሰላሙ ዐለይኩም።"

"ወዐለይኩም ሰላም" አለች አክስቴ። "ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?"

"ደንቡ በወንድም በኩል ነው ብዬ ነው።"

"አትፈልግም ካለህ በኋላስ? ፈረስህን በእጄ ሳበላ ምን ታስብ ነበር?"

ጀማል አለንጋውን አገላብጦ አየው። "ፈረስ ትወጃለሽ ብዬ" አለ። "ኸይሪያ ነግራኛለች።"

ሴቶቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። አክስቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቅ አመለጣት፤ ጀማልም ሲስቅ ያን ቀን አየሁት፣ ጥርሱ እንዴት ያምራል። እኔ ግን አልሳቅኩም። አክስቴ ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የሄደ ሁሉ ደህና አይሆንም። አክስቴ ፊቴን አይታ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳቋን ዋጠችና እንዲህ አለች።

"እሺ ብያለሁ። ግን እኔ የምሄድበት የለም። ይቺን ልጅ ጥዬ አልሄድም፤ አንተ ነህ የምትመጣው። ከኋላ ያለው ክፍል ባዶ ነው።"

"ፈረሱስ?"

"ፈረሱም ይምጣ።"

ኒካሁ ጥር ላይ ታሰረ። አባቴ ለዚያ ፈረስ በገዛ እጁ ከግቢው ጥግ ጋጣ ሠራለት፤ አናጢነት የማያውቅ ሰው ስለሆነ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ያዘነብላል፣ ጀማልም ምንም ሳይናገር ማታ ማታ ያቃናዋል። አክስቴ ለተወሰነ ጊዜ አባቴን በስሙ ብቻ ጠራችው። ምግቡን ታቀርባለች፣ ሒሳቡን ትነግረዋለች፣ ግን ኑሪ ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ "ጋሼ፣ ሻይህ በረደ" ስትለው ሰማሁ። አባቴ የበረደውን ሻይ እስከ አተላው ጠጣው።

የመጽሐፉን መጨረሻ ያነበብነው ከሠርጉ በፊት ነው። የሺ ሞተች። ገዛኸኝ መቃብሯ ላይ ወድቆ ተናዘዘ። ሴቶቹ ያን ቀን ያለ ምንም ኀፍረት አለቀሱ፤ እኔም ድምፄ እየተቆራረጠ አነበብኩ። እትዬ አስካለ ፊቷ አብጦ፣ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። አብሯት የሚያለቅስ አገር ሞልቶላት ነበር። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በሯ ላይ ተቀምጣ መንገድ ስታይ አላየኋትም። አክስቴ ግን ከየሺ ጋር እስከ መጨረሻው አልታረቀችም። "ሞኝ ናት" አለች የሺን። "አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ መጽሐፉ ሃያኛው ገጽ ላይ ያልቅ ነበር።"

"ታዲያ እኛ ምን እናነብ ነበር?" አለቻት ሙሽራዋ።

ሴቶቹ ለጥቂት ቀን ያለ መጽሐፍ ሠሩ። አባቴ የወራቱን የመጨረሻ ጭነት ይዞ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጋዘን ገባና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ፈታሁት። ልባሱ ያልተቀደደ፣ ገና ማንም ያልገለጠው መጽሐፍ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?" አለችው አክስቴ።

"መርካቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ" አለ አባቴ፤ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ። "የሚያስለቅስ ስጠኝ አልኩት። ግን አደራ የሚበላ ሰው የሌለበት።"

እናት ዘምዘም ጆንያቸውን ወደ እኔ ሳቡ። አክስቴ ከጎናቸው ተቀመጠች። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ።